ካለሽበት ጀምሮ

ደሴ ላይ አድራሻ ብትጠይቅ፣ ቁጥር አይሰጥህም ሰው፤
«ከቧንቧ ውሃ ዝቅ በልና፣ ወፍጮ ቤቱን እለፈው፣
ሰማያዊ ቆርቆሮ አለ፣ እሱን በግራህ ትተህ
ሞባይል ሠሪው ጋ በላቸው፣ ያደርሱሃል ይዘውህ።»

እኔ ነኝ ያ ሞባይል ሠሪ።

ሲስተር ጦይባ የመጣች ዕለት፣ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ፣
ፍላሿ ካንገቷ ወርዶ፣ በጫማ ክር፣ እንደ ክታብ ሆኖ፤
«ጣቢያዬ ከኩታበር ወዲያ ነው፣ ሁለት ሰዓት በእግር ተራራ፣
መብራቱ ከፀሐይ ነው፤ ኔትወርክ የሕልም እንጀራ።
ይኼ የአዋላጆች ድረ ገጽ፣ ሥዕሉም ጽሑፉም አብሮ
እዚች ውስጥ ይግባልኝ። ትችላለህ?» አለች፣ ፊቷ በጥድፊያ ተቋጥሮ።

አወረድኩት በሌሊት፣ መስመሩ ቀለል ሲል፤
ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ፋይል።
እንደ ቤተሰብ ቆጥሬ፣ አንድም አልጎደለ ስል

ከፈትኩት።
ነጭ ገጽ። የተሰበረ ሥዕል። የነካሁት ሁሉ እየዘለለ
ወደ ሌለ ሰማይ ይሮጣል፣ «አልተገኘም» እያለ።

ለካስ እያንዳንዱ ገጽ፣ መንገዱን ሲጽፍ ከጥንት
የሚጀምረው ከሩቅ ነው፣ ከባለቤቱ ሰርቨር ቤት፤
ጎረቤቱን ሊጠራ እንኳ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተዋስኖ
ባሕር ተሻግሮ ይዞራል፣ እንደማያውቀው ሆኖ።

የሰፈሬ ሰው አነጋገር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤
«ከዓለም ጫፍ ተነሥተህ ና» ብሎ፣ ማን ነው ቤት የሚያሳየኝ?
ካለህበት ነው ነገሩ።
አንድ ነጥብ፦ እዚሁ ሰፈሩ።
ሁለት ነጥብ፦ አንድ ደረጃ ወጥተህ፣
ወደ ሥዕሎቹ ጓዳ ግባ፣ ጎንበስ ብለህ።

ፍላሿ እኔ ጋ «ዲ» ናት፤ እሷ ጋ «ኤፍ» ትባል ይሆናል፤
በየገባችበት ማሽን ስሟ ይለዋወጣል።
ስለዚህ ስሟን አልጻፍኩም፣ በየትኛውም መንገድ ላይ፤
እንግዳ ናት፣ ባደረችበት ትጠራ፤ ምን አለኝ ከስሟ ጉዳይ?

መፈለጊያውን ነቀልኩት፣ ሰርቨር ከሌለ አይመልስም፤
በቦታው ዝርዝር ሠራሁ፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ»፣ ማንም አይስትም፦
መንታ፣
ምጥ፣
እንግዴ ልጅ፣
ደም።
ፊደሉ ራሱ ከሩቅ ይመጣ ነበር፤ እሱንም አወረድኩላት፣
ሳጥን ሳጥን ብቻ እንዳይሆንባት።

ዋይፋዩን አጥፍቼ፣ ገመዱን ነቅዬ ሞከርኩ፤
ሠራ! ሃምሳ ብሬን ተቀበልኩ፣
ጥቂት ተኮፈስኩ።

በወሩ ይዛት መጣች። ስከፍታት
ከወረዳው ኮምፒውተር የተጋባ፣ ሦስት ዓይነት ቫይረስ አለባት፣
የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሠርግ ፎቶ፣
አንድ መንዙማ፣ ግማሹ ቀርቶ።

«ዐሥራ ሰባተኛው ገጽ ባዶ ነው» አለች፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ።
«የትኛው?»
«ተወልዶ ያልተነፈሰ ሕፃን፣
አንገቱ እንዴት እንደሚቃና የሚያሳየው።»

አየሁት።
ከዚያ ሁሉ መንገድ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ የኔን ስም ይዞ፣
የኔን ዴስክቶፕ፣ የኔን ጓዳ፣
ሥዕሉን ከኔ ቤት ይፈልጋል፣ እዚያ ቆሞ፣ በሰው ሜዳ።
እኔ ጋ የሠራው ለዚህ ነው።
የራሱን ቤት፣ ከራሱ ቤት ተቀምጦ፣ ማን ያጣዋል?

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»
«በትዝታ ያዝኩት።»
ከዚህ ሌላ አልነገረችኝም። አልጠየቅኳትም።

ስሜን ከመንገዱ ፋቅሁ። ሁለት ነጥብ ተካሁ።
የኔን ማሽን አላመንኩትም፤ ፍላሿን ይዤ ወጣሁ፣
እንድሪስ ፎቶ ቤት ሄጄ፣ በአሮጌው ኮምፒውተሩ፣ በሱ ጭቅጭቅ መሃል፣
ገጽ በገጽ ከፈትኩት፤ ዐሥራ ሰባተኛውም አለ፣
አንገቱ ቀና ብሎ።

ሃምሳ ብሯን ብመልስላት፣ እጇን ወደ ኋላ ሰብስባ፣
«በሱ ቫይረሱን አጥፋበት» አለች፣ ጫማ ክሩን እየሳበች፣
መኪናው ሳይሞላ ልትደርስ፣ ወደ መናኸሪያው፣ ጉሙ ውስጥ ገባች።